ሂሳብን በፕሮጀክት ማስተማር፦ ክፍሉ በተማሪ ሞልቶ፣ ክልላዊ ፈተናም እየተጠበቀ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል የሂሳብ መምህር፣ ቢቸና አካባቢ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በቢቸና አካባቢ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። በክፍሌ ከስልሳ የሚበልጡ ተማሪዎች አሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅም ሁሉም ለክልላዊው ፈተና ይቀመጣሉ። በየሥልጠናው «ሂሳብን በፕሮጀክት አስተምሩ» የሚለው ምክር ይደጋገማል፤ እኔም ሐሳቡን ከልቤ እቀበለዋለሁ። ልጆቻችን ከወላጆቻቸው ጋር ማሳ ሲለኩ፣ እህል ሲሰፍሩ፣ ባሕር ዛፍ ለነጋዴ ሲያስገምቱ እያዩ አድገዋል። ክፍል ውስጥ ግን ያው ስፋት፣ ያው ይዘት፣ ያው ጥምርታ ሲመጣባቸው ከዚህ በፊት ፈጽሞ ያላዩት ነገር ይመስላቸዋል። ቀመሩን ይሸመድዱታል፣ በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፉታል፣ ወዲያውም ይረሱታል።

የሚያስጨንቀኝ አፈጻጸሙ ነው። በምሳሌነት ከሚቀርቡልን ፕሮጀክቶች ብዙዎቹ የካርቶን ቤት መሥራት፣ የጂኦሜትሪ ቅርጾችን ከወረቀት ቆርጦ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ስለ አንድ የሂሳብ ሊቅ ሕይወት ጽሑፍ ማዘጋጀት የመሳሰሉ ናቸው። ልጆቹ እነዚህን ሥራዎች ይወዷቸዋል፤ ክፍሉም ያምራል። ነገር ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ሂሳቡ የት ላይ እንደገባ ስፈልግ አላገኘውም። ሲሊንደር ከካርቶን አሳምሮ የሠራ ልጅ ያንኑ ሲሊንደር በእጁ ይዞ ይዘቱን ስጠይቀው መልስ የለውም።

ስለዚህ ከእናንተ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው። ሂሳቡ እውነተኛ ሥራ የሚሠራበት፣ ከልጆቹ ኑሮ ጋር የተያያዘ፣ ወጪ የማይጠይቅ ፕሮጀክት ምን ዓይነት ነው? በሳምንት ያሉን ክፍለ ጊዜዎች የተወሰኑ ናቸው፤ የትምህርት ቀናትም በተለያየ ምክንያት ይጎድላሉ፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ ፕሮጀክቱ የመጽሐፉን ምዕራፎች ሳያስቀር ጊዜ የሚያገኘው ከየት ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ ምዘናው ያሳስበኛል። በቡድን ሥራ አንዱ ወይም ሁለቱ ይለፋሉ፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ፣ ሁሉም እኩል ነጥብ ይወስዳሉ። ይህ ለለፋው ልጅ በደል ነው፤ ላልለፋውም ከዚያ ያላነሰ በደል ነው። ኮምፒዩተርም ሆነ የሂሳብ ማሽን የለንም፤ ገመድ፣ በትር፣ ሜትርና ጣሳ ግን እናገኛለን።

መልስ 1፦ የሂሳብ መምህር፣ መራዊ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር፣

በእኔ እምነት አንድን ሥራ የሂሳብ ፕሮጀክት ለማለት ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ጥያቄው ያለ ሂሳቡ የማይመለስ መሆን አለበት፤ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ደግሞ ከመምህሩ ቀይ እስክርቢቶ ውጭ የሚያሳይ ነገር መኖር አለበት። የካርቶን ቤት ሁለቱንም አያሟላም፤ ልጁ አንዲት ቁጥር ሳይጽፍ ሊሠራው ይችላል፣ ከሠራው በኋላም መሳሳቱን የሚነግረው ነገር የለም።

እኛ ለሲሊንደር ይዘት የምንጠቀምበት ጥያቄ «ይህ ጎተራ ስንት ኩንታል ጤፍ ይይዛል?» የሚል ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከአባላቱ በአንዱ ቤት ያለውን ጎተራ ይመርጣል። የቤቱ ባለቤት ጎተራው ምን ያህል እንደሚይዝ ከልምድ ያውቃል፤ ልጆቹ ሠርተው እስኪጨርሱ ድረስ ግን እንዳይነግራቸው አስቀድመን እንለምነዋለን። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚቸገሩት በሬዲየሱ ነው። በመጽሐፋቸው ሬዲየስ ሁልጊዜ ተሰጥቶ ነው የሚያገኙት፤ እዚህ ማዕከሉ ያለው ጎተራው ውስጥ ስለሆነ ሜትር ይዞ የሚደርስበት የለም። ከጥቂት ክርክር በኋላ ዙሪያውን በገመድ መለካት እንዳለባቸው ይደርሱበታል። ገመዱ 3.77 ሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ሲያካፍሉት ዲያሜትሩ 1.2 ሜትር፣ ሬዲየሱ 0.6 ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ይዘቱ 1.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው ማለት ነው።

ብዙዎቹ ቡድኖች እዚህ ላይ ጨርሰናል ይላሉ። አንዳንዴ ግን አንድ ልጅ «ግድግዳውስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማንም ካልጠየቀ እኔ እጠይቃለሁ። በጭቃና በእበት የተመረገው ግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው የውስጡ ሬዲየስ 0.55 ሜትር ይሆናል፤ ይዘቱም ወደ 1.42 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ልጆቹ ውፍረቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት አልፈውት ነበር፤ አሁን ግን ከጠቅላላው ይዘት 16 በመቶ ያህሉን እንደወሰደ በራሳቸው ስሌት ያዩታል። ሬዲየሱ የቀነሰው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ይዘቱ ለምን በእጥፉ ቀነሰ የሚለው ጥያቄ የሚነሣውም ያን ጊዜ ነው። በቀመሩ ውስጥ ሬዲየሱ በራሱ መባዛቱ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ጤፍ ሞልተው ይመዝናሉ፣ ክብደቱን በ1,000 አባዝተው የአንድ ሜትር ኩብ ጤፍ ክብደት ያገኛሉ፣ ወደ ኩንታልም ይለውጡታል። በመጨረሻ ውጤታቸውን ይዘው ወደ ባለቤቱ ይሄዳሉ። ልዩነት ካለ (ሁልጊዜም ትንሽ ልዩነት አለ) ምክንያቱን ፈልገው መጻፍ የሥራው ክፍል ነው፤ ጎተራው ከላይ ይጠብ ይሆናል፣ እህሉ ሲቆይ ይጠቀጠቅ ይሆናል፣ ወይም ገመዱ ሲለካ ላልቶ ይሆናል።

ጊዜን በተመለከተ፣ ልኬቱን ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሠሩታል፤ በክፍል የሚወስድብኝ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። እነዚህን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ያለ ፕሮጀክቱም ለሲሊንደር መልመጃ ላውላቸው ነበር፤ ስለዚህ ከሌላ ምዕራፍ የምቀንሰው የለኝም።

እኛ ያለንበት አካባቢ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ ያለበት ስለሆነ ለትራፒዝየም ስፋት ቦይን እንጠቀማለን። ትንሽ የማሳ ቦይ ይመረጣል፤ ወደ ዋናው ቦይ ልጆችን ይዞ መሄድ አደገኛ ነው። ቦዩ ከላይ 1 ሜትር፣ ከታች 0.6 ሜትር ወርድ፣ 0.4 ሜትር የውኃ ጥልቀት ቢኖረው ውኃው የሚያልፍበት ቁርጥ ገጽ ስፋት 0.32 ሜትር ካሬ ይሆናል። ከዚያ 10 ሜትር ተለክቶ ቁራጭ እንጨት ይጣላል፤ በ20 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው። የሁለቱ ብዜት በሰከንድ 160 ሊትር ይሰጣል። ይሁንና ከላይ ያለው ውኃ ከግርጌና ከዳር ካለው ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.85 ማባዛት የተለመደ ነው፤ 136 ሊትር ይሆናል። በዚህ ውኃ አንድ ማሳ ለማጠጣት ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለውን ልጆቹ ሳይታዘዙ ራሳቸው ያሰሉታል፣ ምክንያቱም የውኃ ተራ በየቤታቸው የሚያከራክር ጉዳይ ነው።

መልስ 2፦ ጡረተኛ የሂሳብ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ባልደረቦቼ፣

የመራዊው መምህር ያቀረቡት ምሳሌ ግሩም ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይባል እንዳይቀር እፈልጋለሁ። በፕሮጀክት የማስተማር ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ዊልያም ሄርድ ኪልፓትሪክ፣ የፈላስፋውን የጆን ዲዊን ፈለግ ተከትሎ፣ የፕሮጀክት ዘዴን በ1918 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሰራጭቶታል። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ በብዙ አገሮች ተነሥቷል፣ ወድቋል፣ እንደገናም ተነሥቷል። የወደቀበት ምክንያት በአመዛኙ አንድ ነው፤ ልጆቹ መሣሪያውን ሳይዙ ሥራው ተሰጣቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎችም ለትምህርቱ አዲስ የሆነ ተማሪ በቂ ምሪት ሳያገኝ ራሱ ፈልጎ እንዲደርስበት መተው ብዙ እንደማያስተምረው በሰፊው ተከራክረዋል።

የጎተራውን ምሳሌ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። 3.77ን ለ3.14 ማካፈል የማይችል ልጅ ከዚያ ጎተራ ምን ይማራል? የሚማረው ጓደኛው ሲያካፍል ማየትን ነው። 8ኛ ክፍል ደርሶ የማባዣ ሠንጠረዥ ያላጠራ ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስርዮሽ ሲመጣ ነጥቡን የት እንደሚያኖር የሚቸገረውም ብዙ ነው። ለዚህ ልጅ መድኃኒቱ በየቀኑ የሚሠራ፣ በየቀኑ የሚታረም መልመጃ ነው፤ ይህን ሥራ ፕሮጀክት ሊተካው አይችልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ዘንድ እመክራለሁ። መምህሩ ቀመሩ ከየት እንደመጣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረድቶ፣ ምሳሌ ሠርቶ፣ ተማሪው ለብቻው ተለማምዶ፣ በአጭር ጥያቄ ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ወደ ጎተራው ይሂድ። በወሰነ ትምህርት አንድ ፕሮጀክት፣ በደንብ የታሰበበት፣ ይበቃል። የቢቸናው መምህር የካርቶን ሲሊንደሩ ነገር ያሳዘነዎት በትክክል ነው፤ ያ ልጅ ይዘትን አስቀድሞ በደንብ ተለማምዶ ቢሆን ኖሮ ካርቶኑም ባላስፈለገው ነበር።

አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ ገብቶት፣ በራሱ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የቻለ ልጅ ቋንቋው ሲለወጥበት የሚቸገረው በቃላቱ ብቻ ነው፤ ያልገባው ልጅ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወድቁበታል። ስለዚህ በፕሮጀክቱ ውስጥ ከስሌቱ ይልቅ የጽሑፍ ማብራሪያውን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

መልስ 3፦ የሂሳብ መምህር፣ ሞጣ

ጋሼ በሰጡት ምክር እስማማለሁ፤ በተለይም መልመጃን በተመለከተ። እኔ የምጨምረው ስለ ልኬት ያልሆነ ፕሮጀክት ነው፤ ምክንያቱም ፕሮጀክት ሲባል ሁሉም ሰው ገመድና ሜትር ይዞ ይነሣል፣ የቁጥር ትምህርት ግን ይረሳል።

ጎጃም የቅኔና የአቋቋም ብቻ ሳይሆን የባሕረ ሐሳብም አገር ነው። በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ ሊቃውንት የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጡት በማካፈልና ቀሪን በመያዝ ነው፤ ይህ ደግሞ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጅ ከበቂ በላይ የሆነ ንጹሕ ሂሳብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ለ2018 ዓ.ም. 7518 ማለት ነው። ይህን ለ19 ስናካፍለው ቀሪው 13 ነው፤ መደብ ይባላል። አንድ ሲቀነስለት 12 ይሆናል፣ ይህም ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚቀረው አበቅቴ 12 ነው፤ በ19 አባዝተን ለ30 ስናካፍል የሚቀረው መጥቅዕ 18 ነው። የ2017 ዓ.ም.ን በዚሁ መንገድ ብትሠሩት አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ይወጣል።

ልጆቹን በቡድን ከፍዬ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለያዩ ዓመታት እሰጣለሁ፣ ውጤቱንም በአንድ ሠንጠረዥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን። ሠንጠረዡ ሲሞላ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ሁልጊዜ 30 መሆኑን አንድ ልጅ ያስተውላል። ያን ጊዜ ፕሮጀክቱ ይጀመራል፤ ለምን? ሊቃውንቱ ሕጉን ያውቁታል፣ ልጆቹ ደግሞ በፊደል ተክተው ያረጋግጡታል። ወንበሩን ወ ብንለው 11ወ እና 19ወ ሲደመሩ 30ወ ናቸው፤ ይህ ምንጊዜም ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለቱ ቀሪዎች እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ ድምራቸው ከ60 ያነሰ ነው፤ ስለዚህ 30 ወይም ዜሮ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። ዜሮ የሚሆነው ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ነው፤ እንደ 2006 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ሊቃውንቱም ያን ጊዜ አበቅቴውን አልቦ ብለው መጥቅዑን 30 ያደርጉታል። በእኔ ክፍል ተለዋዋጭ ፊደል ለምን እንደሚያስፈልግ ለልጆቹ በእውነት የታያቸው በዚህ ሥራ ነው፤ ሁሉንም ዓመት አንድ በአንድ ማስላት እንደማይቻል ገብቷቸው ስለነበር።

መራዊ ያሉት መምህር የጠየቁት ማረጋገጫም እዚህ አለ። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሮ ለ7 ማካፈል የመስከረም 1ን ዕለት ይሰጣል። 7518 ለ4 ሲካፈል ሙሉ ቁጥሩ 1879 ነው፤ ድምሩ 9397፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ ተብሎ ስለሚቆጠር የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ ማለት ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያም ይህንኑ ይመሰክራል። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን ዓመት ያሰላል።

በክፍላችን ሙስሊም ተማሪዎችም ስላሉ ሥራው የአንድ ሃይማኖት ትምህርት እንዳይመስል እጠነቀቃለሁ። ደግሞም ሂሳቡ ራሱ ያገናኛቸዋል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11 ነው፤ የአበቅቴው 11 ከዚህ የመጣ ነው፣ 19ኙ ደግሞ ከ30 ላይ 11 ሲነሣ የሚቀረው ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ የሚገባውም በዚሁ ልዩነት ምክንያት መሆኑን ያስረዳችኝ አንዲት ሙስሊም ተማሪ ናት፤ ከሠንጠረዡ ላይ አንብባ፣ ማንም ሳይነግራት።

የጠያቂው መልስ፦

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጎተራውን ለዚህ ወሰነ ትምህርት፣ ባሕረ ሐሳቡን ለሚቀጥለው አስቤዋለሁ፤ ጋሼ ያሉትን ቅደም ተከተልም እጠብቃለሁ። ነገር ግን የምዘናው ጥያቄዬ ገና አልተመለሰም። ከስልሳ በላይ ተማሪ በአሥር ቡድን ተከፍሎ ጎተራ ሲለካ የእያንዳንዱን ድርሻ በምን አውቃለሁ? በተከታታይ ምዘናው ውስጥስ ስንት ነጥብ ልስጠው?

መልስ 1 (በድጋሚ)፦ የሂሳብ መምህር፣ መራዊ

ይቅርታ መምህር፣ ዋናውን ጥያቄዎን አልፌው ነበር። እኛ ነጥቡን ለሁለት እንከፍለዋለን። ለፕሮጀክቱ 10 ነጥብ ከተያዘ 4ቱ ለቡድኑ የጽሑፍ ሥራ ነው፤ ይህን ሁሉም እኩል ያገኙታል። ቀሪው 6 ነጥብ ግን ሥራው በተሰበሰበ ማግስት እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው በሩብ ወረቀት በሚሠራት አንድ ጥያቄ ይሰጣል። ጥያቄዋ ከራሳቸው ጎተራ የምትነሣ ሆና ቁጥሩ ብቻ ይለወጣል፤ ለምሳሌ «የለካችሁት ጎተራ ዙሪያው 4.4 ሜትር ቢሆን፣ ግድግዳውም 6 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፣ ይዘቱ ስንት ይሆናል? የግድግዳውን ውፍረት ባታስቡት ምን ያህል ትሳሳታላችሁ?» ሥራውን በሚገባ የሠራ ልጅ በአሥር ደቂቃ ይመልሳታል፤ ስሙን ብቻ ያስጻፈ ልጅ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ስልሳ ሩብ ወረቀት ማረም ደግሞ ስልሳ ጥራዝ ከማገላበጥ በጣም የቀለለ ነው።

ይህን አስቀድመው ለልጆቹ ይንገሯቸው። ልጆቹ ጥያቄዋ እንደምትመጣ ሲያውቁ ቡድኑ ውስጥ ጎበዙ ልጅ ለብቻው መሥራቱን ይተዋል፣ ሌሎቹም «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ብለው ይይዙታል። ቡድኖቹንም ራስዎ ይመድቧቸው፤ በአንድ መንደር የሚኖሩትን አንድ ላይ ያድርጉ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለልኬት መገናኘት የሚችሉት እነርሱ ናቸውና። ሴቶቹ ልጆች ከመዝጋቢነት ወደ ልኬቱና ወደ ስሌቱ እንዲገቡ ተራ ያውጡላቸው፤ ካልተከታተሉት እስክርቢቶው በእነርሱ እጅ፣ ሜትሩ በወንዶቹ እጅ ሆኖ ይቀራል።